«ተሸነፍን» የሚለው ማን ነው?

አንድ ቃል እንመርምር። ቃሉ «ተሸነፍን» ነው። ግሡ «ተሸነፈ» ሲሆን መጨረሻው ላይ የተለጠፈችው «ን» እኛን ታመለክታለች። ግሡን ለመረዳት ማንም አይቸገርም። የምታስቸግረው ያቺ «ን» ነች። ብሔራዊ ቡድናችን ሲያሸንፍ አገር ምድሩ «አሸነፍን» ይላል፤ ኳስ ነክቶ የማያውቀው ሽማግሌ፣ ገበያ ውላ የገባችው እናት፣ ጨዋታው በስንት ሰዓት እንደተጀመረ እንኳ ያልሰማው ሁሉ። ሲሸነፍ ግን «ተሸነፉ» ይባላል። «ን» በአንድ ሌሊት ትጠፋለች፤ የትናንት ወንድሞቻችን በማግሥቱ «እነዚህ ልጆች» ይሆናሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «ን» ነው። ጥያቄአችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለረጅም ዘመን የሚሸነፍን ቡድን አለመተው መልካም ምግባር ነው ወይስ የልማድ ባርነት? ሁለተኛ፣ «ቡድኑን እንደገና እየገነባን ነው፤ ታገሡ» የሚለን ሰው ከእኛ ምን ያህል የመጠየቅ መብት አለው?

ኳስን ከፍልስፍና ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። «ታገሡ» የሚለው ቃል በኳስ ሜዳ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከቢታ ገነት ተነስተን ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ቃሉን በስንት ነገር ላይ ስንሰማው እንዳደግን እናውቃለን። በሌላው ነገር ማን እንደተሸነፈና በስንት እንደተሸነፈ ተሸፋፍኖ ይቀራል። ኳስ ግን ውጤቱ በቁጥር ይጻፋል። ለምርመራ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሐቁን እናስቀምጥ። የአፍሪካ ዋንጫ በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ብላ ስለተወገደች የቀሩት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው አንድ አጥቂ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ስንገናኝም እንደገና 4 ለ 0 ሆነ። ከዚያ በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያው የግብፅ ቡድን አዲስ አበባ መጣ። የኛ ልጆች ሁለት ጊዜ ተመርተው ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፉ። ዋንጫውን አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይህን ታሪክ ሁሉም ይተርከዋል። ሁለት ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አንደኛው፣ ድሉ የመጣው በዚሁ ተጋጣሚ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ከተሸነፍን በኋላ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ መሆናቸው ነው። ቱኒዚያን በግማሽ ፍጻሜ፣ ግብፅን በፍጻሜ አሸንፈን ዋንጫውን አስቀረን። ይህን የምንለው ድሉን ለማራከስ አይደለም። ወደፊት እንደምናየው፣ የሚሸነፍ ሰው ትዝታ ሐቀኛ ካልሆነ መዳኛው ይርቃል።

ከዚያ በኋላ መውረድ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፈን፣ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ወጥተን ተመለስን። ለሚቀጥለው የአፍሪካ ዋንጫ የደረስነው በጥር 2005 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 31 ዓመት አለ። ሊቢያ ላይ የተደረገውን ጨዋታ በ20 ዓመቱ በሬዲዮ የሰማ ሰው የሚቀጥለውን ሲያይ 51 ዓመት ሆኖታል። ስንቱ ደግሞ ሳያየው አለፈ።

እርግጥ 31ዱ ዓመት ባዶ አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን በፍጹም ቅጣት ምት ዚምባብዌን ረትተን ወስደናል፤ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ከዚያች ቀን ጋር አያይዘው የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። በ1994፣ በ1997ና በ1998 ዓ.ም. ያንኑ ዋንጫ ደግመናል። ነገር ግን ትልቁ በር እንደተዘጋ ነበር። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በፌዴሬሽኑ ውዝግብ ምክንያት ፊፋ አገሪቱን አገደ፤ ከእ.ኤ.አ. 2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ተሰረዝን። ያኔ የተሸነፍነው ሜዳ ላይ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. መጣ። ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 የተሸነፈው ቡድን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳው ውጪ ባገባቸው ጎሎች ብልጫ አለፈ። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበር። በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን 1 ለ 1 ወጣ። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከምድቡ መጨረሻ ሆነን ተመለስን። እንደገና የአፍሪካ ዋንጫን ለማየት እስከ ጥር 2014 ዓ.ም. መቆየት ነበረብን፤ ካሜሩን ላይም ከምድባችን አላለፍንም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ በደጋፊው መካከል ሦስት ዓይነት ሰው እናገኛለን።

የመጀመሪያው ትቶ የሄደው ነው። «ዕድሜዬ አንድ ነው፤ ለምን በንዴት እጨርሰዋለሁ?» ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ደስታ ለማይሰጥ ነገር ሙሉ ዕድሜን የመስጠት ግዴታ ማንም የለበትም። ደጋፊነት ትዳር አይደለም፤ ሽማግሌ አልተላከበትም፣ መሐላም አልተማለበትም። ይህን ሰው ከሃዲ ብሎ መስደብ ክርክሩን መሸሽ ነው።

ይሁን እንጂ ትቶ የት እንደሄደ እንከተለው። ቢታ ገነት ላይ የሄደው ዲሽ ወዳለበት ቤት ነው። እዚያ የአርሴናል ወይም የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሆኖ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተንታኙ ድምፅ አይሰማም፤ እሱ ግን አይነሳም። ታዲያ ከሽንፈት አመለጠ ወይ? አላመለጠም። አርሴናል እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆኖ፣ በዓመቱ አንድ ዋንጫ ጨምሮ፣ ከዚያ እስከ 2014 ድረስ አንድም ዋንጫ ሳያነሳ ቆየ። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2025 ሃያ ክለቦች ካሉበት ሊግ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። የኛ ልጅ ግን ማሊያውን አላወለቀም። ስሙን እንኳ ለማያውቀው ክለብ፣ በሰው አገር፣ አንድ ድምፅ ሳይኖረው፣ ሽንፈትን ችሎ ተቀመጠ።

ይህ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። የኛ ሰው ሽንፈትን የመቻል አቅም አያንሰውም። ለእንግሊዙ ክለብ የሚታገሠው ሥራውን በየሳምንቱ ስለሚያይ ነው፤ ማን እንደተገዛ፣ የትኛው ታዳጊ እንዳደገ፣ አሰልጣኙ ምን እንዳለ፣ የትኛው ጉድለት እንዳልተሞላ ጥርት አድርጎ ይነግርሃል። የራሱ አገር ቡድን ግን ከአንዱ ማጣሪያ እስከ ሌላው ለወራት ይጠፋበታል። ስለዚህ ሰውየው የሸሸው ሽንፈቱን ሳይሆን ምንም የማያይበትን ጨለማ ነው ብንል አንሳሳትም።

ሁለተኛው ቀልደኛው ነው። ይህኛው አልሄደም፤ ተቀምጦ ይስቃል። ቀልድ በልኩ መድኃኒት ነው፤ ያለ እሱ 31 ዓመት ማን ይችላል? ነገር ግን የቀልደኛውን ሰዋስው ልብ በሉ። ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» ከሚለው ሰው ተቃራኒ ነው። እሱ «እኛ»ን የሚያወጣት ለውርደት ብቻ ነው። «እኛ እኮ ኳስ አይሆንልንም»፣ «የኛ ነገር እንዲሁ ነው» ይላል። ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን አገር በሙሉ ጥፋተኛ ከሆነ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ታዳጊ ቡድን ማሰናዳት የነበረበት፣ ሜዳ መጠገን የነበረበት፣ ሒሳብ ማሳየት የነበረበት ሰው በዚያች ሰፊ «እኛ» ሥር ተጠልሎ ይስቃል። እንዲህ ያለችው «እኛ» መደበቂያ ነች።

ሦስተኛው ታጋሹ ነው። ሁላችን የምናመሰግነው እሱን ነው። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምናነበው፣ በእናቶቻችን ምርቃት ውስጥ የምንሰማው የእሱን ምግባር ነው። ሲጠየቅ አንድ ተረት ይጠቅሳል፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እስቲ ተረቱን እንመርምረው። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ለምንድን ነው? ጊዜ ስላለፈ ነው? እንቁላሉን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን 21 ቀን ብንጠብቀው ይገማል እንጂ አይሄድም። የሄደው ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው። 21 ቀን ከላዩ ሳትርቅ፣ ለጥሬ እንኳ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተነስታ እየተመለሰች፣ በየጊዜው እያገላበጠች፣ በገዛ ገላዋ ታሞቀዋለች። ተረቱ ዶሮዋን ሳይጠራት አለፈ፤ እኛም አብረን ረሳናት። «ታገሡ» የሚለን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየን እንቁላሉን ነው። ልንጠይቀው የሚገባው ግን «ዶሮዋ የት አለች?» ብለን ነው።

መጠበቅና መታቀፍ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ዝም ብሎ መቀመጥ ናቸው። በውስጥ ግን አንዱ ሥራ ነው፣ ሌላው እንቅልፍ። ለዚህ የቅርብ ምሳሌ አለን። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን፣ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያም ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ አድርሶን በናይጄሪያ የተገታው አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው፣ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ፖርቱጋላዊው ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱና ውበቱ አባተ ተፈራረቁ። እያንዳንዳቸው መልካም ሰው፣ አዋቂም ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ስድስት ዶሮ የተቀያየረበት እንቁላል ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ሲመጣ «አዲስ ቡድን እገነባለሁ» ተባለ፤ ደጋፊውም በእያንዳንዱ ጊዜ «ታገሥ» ተባለ። ሰውየው ሰባት ዓመት አልታገሠም፤ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ስድስት ጊዜ ታገሠ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

«እንደገና መገንባት» የሚባለው ነገር በሌላው ዓለምም አከራካሪ ነው። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ መጨረሻ አካባቢ የሚወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ምርጥ አዳዲስ ተጫዋቾችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይጨምራል። ሐሳቡ ደካማውን ለማገዝ ነበር። የፊላደልፊያ ቡድን ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይህን ሕግ ገልብጦ ተጠቀመበት። አሉ የተባሉ ተጫዋቾቹን እየሸጠ፣ እያወቀ ደካማ ቡድን እያሰለፈ፣ ለነገ ምርጫ አጠራቀመ። ከ82 ጨዋታ በመጀመሪያው ዓመት 19፣ በሁለተኛው 18፣ በሦስተኛው 10 ብቻ አሸነፈ። ደጋፊው ግን በሦስተኛው ዓመት እንኳ «ሂደቱን እመኑ» እያለ ይዘምር ነበር። ዕቅዱን ያወጣው ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን ለቀቀ። ከካሜሩን የሄደውን ጆኤል ኤምቢድን የመሰለ ታላቅ ተጫዋች በዚያ መንገድ አግኝተዋል፤ አይካድም። ነገር ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2025 ድረስ ቡድኑ ለፍጻሜ አንድ ጊዜ እንኳ አልደረሰም።

ከፊላደልፊያ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በዕቅድ የተደረገ ሽንፈትም ቢሆን ድልን አያስይዝም። ሁለተኛው ከፍ ያለ ነው፤ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ትኬት ቆርጦ የገባው ሕፃን፣ ሜዳ ገብቶ የለፋው ተጫዋች፣ ሁለቱም ለነገ ሲባል ተወራረዱ። ዛሬያቸው የነገ ማገዶ ሆነ። ይህን ለማድረግ ማን ፈቀደ? ደግሞም ልብ እንበል፤ በኛ ኳስ የሚሸነፍ ሰው ሽልማት እንኳ የለውም። በአፍሪካ ማጣሪያ ብዙ የተሸነፈ አገር ደረጃው ይወርዳል፣ የሚደርሰውም ምድብ ይከብድበታል። ስለዚህ ከፊላደልፊያ የባሰ እንጂ የተሻለ ምክንያት የለንም።

እስቲ ወደ ጓሮአችን እንመለስ። ከፋ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለ መልሶ መገንባት ከሌላ ሰው መማር አያስፈልገውም። ቡናን እንውሰድ። ያረጀ የቡና ዛፍ ፍሬው ሲያንስ ይጎነደላል። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። ባለቤቱ የዚያን ዛፍ ምርት ሁለት ዓመት ያህል ያጣል፤ ከዚያ ዛፉ እንደ ወጣት ያፈራል። ነገር ግን የትኛው አስተዋይ ገበሬ ነው ማሳውን በሙሉ በአንድ ዓመት የሚጎነድል? በየተራ ነው፤ ዘንድሮ ይህን ጥግ፣ ለከርሞ ያንን። ቤተሰቡ በመካከሉ ይበላል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ፊላደልፊያ ያደረገው ማሳውን በሙሉ በአንድ ሌሊት መጎንደል ነው።

እንሰት ደግሞ ከዚህም በላይ ያስተምራል። አንድ እንሰት ለመቆረጥ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ሲቆረጥ በሙሉ ይቆረጣል፤ ያ ተክል ሁለተኛ አይገኝም። ታዲያ እናቶቻችን በየዓመቱ ቆጮ የሚያገኙት እንዴት ነው? ጓሮው ውስጥ የሁሉም ዕድሜ እንሰት ስላለ ነው። ዘንድሮ የሚፋቅ አለ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የቆመ አለ፤ ከቦታ ወደ ቦታ ገና የተዛወረ አለ፤ ትናንት የተተከለ ችግኝ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ፍግ ያገኛል። እንሰት ያለው ጓሮ «የመገንቢያ ዘመን» የሚባል ነገር አያውቅም፤ በማንኛውም ቀን ሲታይ እየተገነባም እየተበላም ነው። ያንን ጓሮ ጥሎ «ሰባት ዓመት ታገሡኝ» ብሎ አንድ ዕድሜ ያለው እንሰት ብቻ የሚተክል ሰው ቢመጣ የኛ እናቶች በሳቅ ይሞታሉ። ችግኝ የሌለበት ጓሮ ያለው ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ይራባል፤ በስምንተኛው ይጠግባል፤ በዘጠነኛው እንደገና ይራባል። የ2005ቱ ቡድን ከምን ዓይነት ጓሮ እንደበቀለ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄአችን መልስ አገኘን። «ታገሡ» የማለት መብት ያለው ችግኙን የሚያሳይ ብቻ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች የት እንደሚጫወቱ፣ በስንት ሜዳ፣ በማን እጅ እንደሆነ የማያሳይ ሰው ትዕግሥት አይጠይቅም፤ ዝምታ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ቀርቷል። ችግኙ አለ እንበል፤ ሥራው እየተሠራ ነው እንበል። እስከዚያ የሚሸነፈውን ቡድን ለምን አብረን እንቀመጥለት? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆሳያ ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ ታማኝነት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታማኝነት ሰው ፈቅዶ፣ በተግባርም፣ ለአንድ ዓላማ ራሱን መስጠቱ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ የተሸነፉ ዓላማዎች የሰውን ታማኝነት ይበልጥ እንዳጠለቁት ይናገራል። እውነት አለው። ሐዘን ትዝታን ይስላል፤ ትዝታም ተስፋን ይወልዳል። የኛ 1954 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነው እስከዛሬ የሞቀን። ነገር ግን ሮይስን ብቻውን ከተከተልን አንድ አደጋ አለ። ሽንፈት ያጠለቀው ትዝታ እያደር ይወፍራል። ሁለት ጨዋታ ሃያ ይሆናል፤ አንድ ዋንጫ ዘላለማዊ ክብር ይሆናል፤ ዛሬ ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ከሙታን ጋር እየተወዳደረ ሁልጊዜ ይሸነፋል።

ስለዚህ ሌላ ምክንያት እንሰጣለን። ከ1974 እስከ 2005 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ የለበሱትን አስቡ። አንድ ተጫዋች በከፍተኛ ደረጃ የሚቆየው አሥር ዓመት ቢሆን ነው። እንግዲህ ሦስት ትውልድ ሙሉ፣ የመጫወቻ ዘመኑ በጉድጓዱ ውስጥ ወድቆ አለፈ። የነዚያ ሰዎች ሩጫ ዋጋ የሚያገኘው በ2005 ስለተሳካልን ነው ካልን፣ ባይሳካልን ኖሮ በከንቱ ሮጠዋል ማለታችን ነው። ይህን ለመቀበል እምቢ እንላለን። በሰዓቱ ለተመለከተው ሰው ጥሩ የተጣለ ኳስ ጥሩ ኳስ ነበር። በደንብ የተጫወቱት ሽንፈት ከነገ ድል ዋጋ አይበደርም። ደጋፊነት በወለድ የሚቀመጥ ገንዘብ ከሆነ፣ ትቶ የሄደው ሰው ልክ ነው፤ ባንኩ ከስሯል። ደጋፊነት ግን እማኝነት ነው። አንድ ሰው አቅሙን ሁሉ አውጥቶ ሲሸነፍ «አይቼዋለሁ» የሚል እማኝ ይፈልጋል።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን እናንሳ። የአገራችን ስታዲየሞች በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መለኪያ ስላልበቁ ቡድናችን «በሜዳው» የሚያደርገውን ጨዋታ በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ አደረገ። ተጋጣሚው ግብፅ ነበር፤ ያው የ1949ኙ፣ የ1951ዱ፣ የ1954ቱ ግብፅ፣ ከአራት ወር በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው። በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፍን። ካታንጋ አልነበረም፤ ሚስማር ተራ አልነበረም፤ ከአገራቸው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀው፣ የሚጮህላቸው ሕዝብ ሳይኖር አሸነፉ። እንግዲህ ያን ቀን «አሸነፍን» ያለ ሁሉ ያቺን «ን» ከየት አመጣት? ሜዳውን አልሰጠንም፤ ጩኸታችንን አልሰጠንም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም እንደዚያው በባዕድ ሜዳ «ባለሜዳ» እየተባሉ ተጫውተዋል።

«እኛ» የምትለዋ ቃል በነፃ አትገኝም። እኛ የምናውቃት ዋጋዋ ሦስት ነው።

አንደኛው ሐቀኛ ትዝታ ነው። የ1954ቱን በልኩ፣ የ1974ቱንም በልኩ መናገር። ይህች የአምበል ነገርም ከዚሁ ትቆጠራለች፤ ዋንጫውን ያነሳው ሉቻኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር፤ አስመራ ደግሞ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ዋና ከተማ ነች። ያኔ «እኛ» ያልነው ዛሬ ከምንለው ይሰፋ ነበር። ትዝታ ይህንንም መያዝ አለበት፤ ሲመቸን አስፍተን ሲከፋን አጥብበን የምናወጣት «እኛ» የሰው መጫወቻ ትሆናለች።

ሁለተኛው ጥፋትን በስሙ መጥራት ነው። «የኛ ነገር» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። የትኛው ሜዳ፣ የትኛው ውሳኔ፣ የትኛው የጎደለ ታዳጊ ቡድን ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። ታማኝ ሰው ዝም አይልም። ዶሮዋን ከእንቁላሉ ላይ የሚያነሳትን ሰው ቆሞ የሚያይ ደጋፊ ታጋሽ አይባልም።

ሦስተኛው ትንሽ ቢሆንም የራስን እንቁላል መታቀፍ ነው። ይህ በተለይ ለኛ ለተማሪዎች ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ወደየወረዳችን እንመለሳለን። ቢታ ገነት ላይ በጭቃ ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች አሉ። ማን ከማን ተጫወተ፣ ማን አገባ፣ ማን ባለፈው ዓመት ከነበረው ተሻሻለ ብሎ የሚጽፍላቸው የለም። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሁለት ግንድ ለጎል ማቆም፣ ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ ይዞ መገኘት፣ የተሸነፉትን ስም ከአሸነፉት እኩል መጻፍ። ከዚያ ሜዳ ለብሔራዊ ቡድን የሚበቃ ልጅ ይወጣል ብለን ቃል አንገባም፤ ቃል ከገባን እኛም እንቁላሉን ብቻ ከሚያሳዩት ተቆጠርን። ልጁ ወጣም አልወጣም፣ ያን ቀን የሮጠውን የሚያይለት ሰው አግኝቷል። ጓሮው ውስጥም አንድ ችግኝ ተተክሏል።

ይህን ጽሑፍ የምትቃወሙ እንዳላችሁ እናውቃለን። «ሰው ደስ ሊለው ኳስ ቢያይ ይህን ሁሉ ዕዳ ለምን ትጭኑበታላችሁ?» የምትሉን ወንድሞችና እህቶች፣ ክርክራችሁን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው እትም ስጡ፤ በደስታ እናነበዋለን። ኳስን ለደስታ ብቻ ማየት ነውር የለበትም። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ድል ሲመጣ፣ መምጣቱ አይቀርምና፣ «አሸነፍን» ከማለታችን በፊት ባለፈው ጊዜ ማን ብለን እንደነበር እንጠያየቅ።